ማየት ማወቅ ነውን? ስለ መማሪያ ክፍል መሣሪያዎችና የሌላውን ሕዝብ ሕይወት ስለ መረዳት



በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ጥያቄ ለመደበኛ መምህራን ብቻ የሚተው አይደለም። ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚልኩ ወላጆች፣ በየቁምስናው ሕፃናትን የሚያስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ እንዲሁም የወጣቱ ትውልድ አስተሳሰብ የሚያሳስባቸው ሁሉ ሊወያዩበት የሚገባ ነው። ጥያቄው በአጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፤ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ወደ መማሪያ ክፍል ገብተው የሩቁን ዓለም ለተማሪው ሲያቀርቡለት፣ ተማሪው የሩቁን ሕዝብ በእርግጥ ዐወቀ ማለት ይቻላልን? ዐወቀ ካልንስ ያ ዕውቀት በምግባሩ ላይ ምን ለውጥ ሊያመጣ ይገባል?

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። ሰው ሌላውን ሕዝብ የሚንቀው ወይም የሚፈራው ስለማያውቀው ነው፤ የማያውቀውም ስላላየው ነው፤ እንዲያይ ብናደርገው ንቀቱም ፍርሃቱም ይወገድለታል የሚል ነው። ከዚህ አስተሳሰብ በመነሣት ለትምህርት ቤት የሚገዛው መሣሪያ ሁሉ የመግባባትና የሰላም መሣሪያ ተደርጎ ይቆጠራል። አባባሉ ጨርሶ ሐሰት ነው አንልም። በደጋ ተወልዶ ባሕር አይቶ የማያውቅ ልጅ የዓሣ አጥማጆችን ኑሮ በፊልም ሲመለከት አእምሮው መስፋቱ አይቀርም። ነገር ግን በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ ሳይመረመር የሚታለፍ አንድ እርምጃ አለ። ይኸውም ከማየት ወደ ማወቅ የሚደረገው እርምጃ ነው።

ይህን እርምጃ ለመመርመር እኛ ኢትዮጵያውያን በቂ ምስክርነት አለን፤ ምክንያቱም ከተመልካቾች ወገን ብቻ ሳይሆን ከታዩትም ወገን ነበርን። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984) የእንግሊዙ ቢቢሲ ቴሌቪዥን በኮረም የተሰበሰቡትን ረኃብተኞች የሚያሳይ ዘገባ አሰራጨ። ፊልሙን ያነሣው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ሲሆን ዘገባውን ያቀረበው እንግሊዛዊው ማይክል ቡርክ ነበር። ዘገባው በብዙ አገሮች የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ታየ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው፣ ላይቭ ኤይድ የተባለው የሙዚቃ ዝግጅትም ለተራቡት ወገኖቻችን ገንዘብ ያሰባሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ዘገባ በኋላ በመጣው ርዳታ ከሞት የተረፉ ብዙዎች ናቸውና ውለታውን መካድ አይገባም። ማየት ልብን የማንቀሳቀስ ኃይል እንዳለው ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሆኖም ያው ምስል ሌላም ሥራ ሠርቷል። ከዚያ ወዲህ ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደ ውጭ የሄዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደሚመሰክሩት፣ የአገራቸውን ስም ሲጠሩ ቀድሞ የሚገጥማቸው ጥያቄ ስለ ረኃብ ነበር። ጠያቂው ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም አዛኝ ነው። ነገር ግን ስለ ፊደላችን፣ ስለ ዕድራችን፣ ስለ ሠርጋችንና ስለ ለቅሷችን፣ ስለ ቀልዳችን እንኳ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚያው ስለ ረኃቡም ቢሆን ድርቁ፣ ጦርነቱና የመንግሥቱ አስተዳደር ምን ምን ድርሻ እንደነበራቸው አልተረዳም። በፊልሙ የታዩት ሰዎች ለእርሱ ስም አልነበራቸውም። እርሱ አይቷቸዋል፤ እነርሱ ግን እርሱን አላዩትም። «የምታየው እውነት ነው፤ ሁለመናችን ግን ይህ ብቻ አይደለም» ብለው የሚያርሙበት መንገድ አልተሰጣቸውም። በዚህም ምክንያት አንድ ሙሉ ሕዝብ በብዙዎች አእምሮ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በአንድ የመከራ ወቅት መልኩ ብቻ ተቀርጾ ቀረ።

ይህን የምናስታውሰው ለማማረር አይደለም። ዛሬ ተመልካቾቹ የእኛው ልጆች ስለሆኑ ነው። በኪስ በሚያዝ ስልክ የዓለምን ከተሞች ሁሉ ያያሉ። የባሕረ ሰላጤ አገሮችን ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ያያሉ፤ በእነዚያ ሕንፃዎች ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራው እኅታቸው የምታድርበትን ክፍል ግን አያዩም። ብዙ ወጣቶች ዕድሜያቸውንና ሕይወታቸውን የሚነካ ውሳኔ የሚወስኑት እንዲህ ባለው ግማሽ ማየት ተመርተው ነው። በአገራችን ውስጥም ቢሆን ሁኔታው ከዚህ የራቀ አይደለም። ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት አገር አንዱ ሕዝብ ሌላውን የሚያውቀው በአብዛኛው በበዓል ቀን በቴሌቪዥን በሚታየው ጭፈራና አልባሳት ነው። በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ፣ በቅርብ ዓመታት በደረሱት ግጭቶች ጊዜ እንደታየው፣ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ የጥላቻ ምስል ይሆናል። ትናንት ሲጨፍር የታየው ሕዝብ ዛሬ እንደ ጠላት ይታያል። በሁለቱም ጊዜ ታይቷል፤ በሁለቱም ጊዜ አልታወቀም።

እንግዲህ ማየት ብቻውን ለምን አይበቃም? እንደ እኛ አስተያየት ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የሚታየው ነገር ሁሉ በሌላ ሰው ተመርጦ የቀረበ ነው። ምስሉን ያነሣው ሰው አንዱን ወገን ሲያሳይ ሌላውን መተዉ የግድ ነው፤ የተተወው ነገር ግን «ተትቻለሁ» ብሎ አይናገርም። ሁለተኛ፣ ምስል ለጥያቄ አይቆምም። ተመልካቹ የተሳሳተ ትርጕም ቢሰጠው የሚያርመው የለም። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ ምስል ከተመልካቹ ምንም አይጠይቅም። ተመልካቹ ማንነቱን መግለጥ፣ ስለ ራሱ መልስ መስጠት፣ ወይም ያመነበትን መለወጥ አይገደድም። ቢያዝን ያዝናል፤ ባያዝን ወደ ሌላ ምስል ያልፋል።

በአገራችን የትምህርት ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለው ትልቅ የቴሌቪዥን መስኮት በየክፍሉ ተተክሎ፣ ትምህርቱ በሳተላይት አማካይነት ይሰራጭ ነበር። ትምህርቱ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን የሚሰጠውም በእንግሊዝኛ ነበር። ዓላማው የሚነቀፍ አልነበረም። ቤተ ሙከራ በሌለው የገጠር ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራ ሲካሄድ እንዲያይ፣ የአዲስ አበባውና የጠረፉ ተማሪም ከአንድ ማዕድ እንዲቀርቡ የታሰበ ነበር። ነገር ግን ስርጭቱ ለሁሉም ትምህርት ቤቶች በአንድ ሰዓት የሚተላለፍ በመሆኑ መምህሩ ሊያቆመውም ሆነ ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም ነበር። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ የመጣው ተማሪ አንዱን ዐረፍተ ነገር ሲያሰላስል መስኮቱ ወደ ሦስተኛውና ወደ አራተኛው ዐረፍተ ነገር ያልፋል። መምህሩም በገዛ ክፍሉ ውስጥ ከተማሪዎቹ ጋር ተመልካች እስከ መሆን እንደደረሰ የትምህርት ተመራማሪዎች ጽፈዋል።

ከዚህ ልምድ የምናገኘው ትምህርት ለፕላዝማ ብቻ የተወሰነ አይደለም። አባቶቻችን «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ብለዋል። የማይጠየቅ አስተማሪ፣ ምንም ያህል ብዙ ቢያሳይ፣ የተማሪውን ዐይን ይሞላል እንጂ አእምሮውን አያሠራም። የፊዚክስን ሕግ በዚህ መንገድ መማር አስቸጋሪ ከሆነ፣ የሌላውን ሕዝብ ሐዘንና ደስታ፣ ልማድና እምነት በዚህ መንገድ መማር እንዴት ይቻላል? የፊዚክስ ሕግ በተሳሳተ መንገድ ስለ ተረዱት አይቀየምም፤ ሰው ግን ይቀየማል፤ ይበደላልም።

እዚህ ላይ ከታሪክ አንድ ነገር ማስታወስ እንወዳለን። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት መማር ጀምሮ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ከተማ ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራ ሰው ሲሆኑ በዚያን ጊዜ በቫቲካን በሚገኘውና ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ በነበረው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ይኖሩ ነበር። ሁለቱ በአገር፣ በቋንቋና በእምነት ባህል የተለያዩ ነበሩ። ነገር ግን አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ይመልሳል፤ መልሱ ያልገባው እንደገና ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን ተጋብዘው በጎታ ከተማ ከሉዶልፍ ጋር ሠሩ፤ ከተለያዩም በኋላ በደብዳቤ ይገናኙ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በመርከብ አደጋ ሞቱ። ሉዶልፍ ግን ከእርሳቸው የተማረውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ።

ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አንድ ቀን እንኳ በዐይኑ አላያትም። በእርሱ ዘመን ፎቶግራፍም ፊልምም አልነበረም። እንዲህም ሆኖ ስለ አገራችን የነበረው ዕውቀት ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ኮረምን በቴሌቪዥን ካዩት ከብዙ ሚሊዮን ሰዎች ዕውቀት የጠለቀ ነበር። ልዩነቱ ከምን መጣ ቢባል፣ ሉዶልፍ የሚጠይቀውና የሚያርመው አንድ ኢትዮጵያዊ ስለ ነበረው ነው። አባ ጎርጎርዮስ ለእርሱ የሚታዩ ነገር አልነበሩም፤ መምህር ነበሩ። አንድን ሕዝብ ለማወቅ ከዚያ ሕዝብ ቢያንስ አንዱን ሰው መምህር አድርጎ መቀበል ያስፈልጋል ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ይህ በሊቃውንት መካከል ብቻ የሚቻል ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በተራ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተሞክሮ የታየ ነገር ነው። ሴለስታን ፍሬኔ የተባለው ፈረንሳዊ መምህር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው ላይ ቆስሎ ስለ ነበር ረጅም ሰዓት እየተናገረ ለማስተማር ይቸገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 በደቡብ ፈረንሳይ በባር ሱር ሉፕ መንደር ለሚያስተምርበት ክፍል አንዲት ትንሽ የማተሚያ መሣሪያ ገዛ። ልጆቹ ስለ መንደራቸው፣ ስለ ቤታቸውና ስለ ሥራቸው የጻፉትን ራሳቸው ፊደል እየለቀሙ ያትሙ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ የታተመውን ጽሑፍ በብሪታኒ የባሕር ዳርቻ ከሚገኝ፣ ሬኔ ዳንየል የተባለ መምህር ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ጋር መለዋወጥ ተጀመረ። የተራራው ልጆች የባሕሩን ልጆች ኑሮ ከልጆቹ ከራሳቸው ተማሩ። የማተሚያው መሣሪያ በዚያን ጊዜ ለመማሪያ ክፍል አዲስ ቴክኖሎጂ እንደ ነበር ልብ ይሏል። ጥቅሙ ግን ብዙ ነገር በማሳየቱ አልነበረም። በሌላው ጫፍ የሚያነብ፣ የሚጠይቅና መልስ የሚጠብቅ ልጅ በመኖሩ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ቅርብ ነው፤ የአንድ ቆሞስ ሥራ ነውና። አባ ሎሬንዞ ሚላኒ እ.ኤ.አ. በ1954 በጣሊያን፣ በፍሎረንስ ሀገረ ስብከት ባርቢያና ወደምትባል፣ የመኪና መንገድና መብራት እንኳ ወዳልነበራት የተራራ መንደር ተላኩ። በዚያም ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1963 ማሪዮ ሎዲ የተባለ መምህር ባርቢያናን ከጎበኘ በኋላ፣ የእርሱ ተማሪዎች ከሚኖሩበት ከሰሜኑ የቆላ ሜዳና ከባርቢያና ደብዳቤ ይመላለስ ጀመር። የባርቢያና ልጆች መልሳቸውን በጋራ ይጽፉ ነበር። እያንዳንዱ ሐሳቡን በቁራጭ ወረቀት ላይ ያሰፍራል፤ ወረቀቶቹ በየጉዳያቸው ይመደባሉ፤ ከዚያም የተደገመው ይሰረዛል፤ ያልተብራራው ይብራራል። ምክንያቱም አንባቢዎቹ ባርቢያናን አያውቋትም፤ ግልጽ ያልሆነ ነገር ቢጻፍላቸው አይገባቸውም። ልጆቹ እውነትን በጥንቃቄ መናገርን የተማሩት የሚጠብቃቸው አንባቢ በመኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ታትሞ በብዙ ቋንቋዎች የተተረጐመው፣ «ለአንዲት መምህርት የተጻፈ ደብዳቤ» የተባለው መጽሐፋቸው የተጻፈው በዚሁ ዘዴ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከኮምፒውተር ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1988፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ገና በጥርጣሬ በሚተያዩበት ጊዜ፣ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት የሚገኙ 12 ትምህርት ቤቶችና በሞስኮ የሚገኙ 12 ትምህርት ቤቶች በኮምፒውተር መልእክት እየተለዋወጡ አብረው እንዲሠሩ ተደረገ። ዛሬ አይኧርን በመባል የሚታወቀው፣ የብዙ አገሮችን ትምህርት ቤቶች የሚያገናኘው ማኅበር የተወለደው ከዚያ ሙከራ ነው። የሁለቱ አገሮች ልጆች አንዱ ስለ ሌላው በቴሌቪዥን ብዙ አይተው ነበር፤ ያዩት ግን የጦር ሰልፍና የመሪዎች ንግግር ነበር። አሁን ግን በኮምፒውተሩ መስኮት የሚመጣው የእኩያቸው ጥያቄ ሆነ። ጥያቄ ደግሞ መልስ ይፈልጋል፤ መልስ የሚሰጥም ሰው አስቀድሞ ራሱን መመርመር አለበት።

በእነዚህ ምሳሌዎች አንድ የጋራ ነገር እናያለን። መሣሪያዎቹ በዋጋም በዓይነትም ይለያያሉ፤ አንዱ ማተሚያ፣ አንዱ ተራ ደብዳቤ፣ አንዱ ኮምፒውተር ነው። በሁሉም ዘንድ ግን ልጁ ተመልካች ብቻ አልነበረም፤ ተጠያቂም ነበር። እንግዲህ አንድ መሣሪያ የሌላውን ሕዝብ ለማወቅ ይረዳ እንደ ሆነ ለመለካት የምንጠቀምበት መስፈርት ይህ ሊሆን ይገባል እንላለን፤ ይህ መሣሪያ ልጃችንን ያስጠይቀዋልን? እርሱንስ ጠያቂ ያደርገዋልን? የሚታየው ሰው ሊያርመው ይችላልን?

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው «ልጆቻችን ከውጭ ባህል ጋር እንዲህ ከተቀራረቡ የራሳቸውን ይረሳሉ» የሚለው ነው። ፍርሃቱን እንረዳዋለን፤ ዝም ብሎ በማየት ብቻ ለሚውለው ልጅ እውነትነት ያለው ፍርሃት ነው። ለሚጠየቀው ልጅ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሩቁ እኩያው «እናንተ ለምን ከአንድ ትሪ ትበላላችሁ? ጉርሻ ማለትስ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጽፍለት፣ ልጁ መልሱን ከኢንተርኔት አያገኘውም። አያቱን መጠየቅ ይኖርበታል። ሳያስተውለው ሲኖርበት የነበረውን ልማድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተውለዋል። የራስን ባህል ለሌላ ማስረዳት የራስን ባህል ለመማር ከሚረዱ መንገዶች አንዱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። በሀብታምና በድኻ ትምህርት ቤቶች መካከል የሚደረግ ግንኙነት እውነተኛ ልውውጥ ሊሆን ይችላልን? ብዙ ጊዜ እንደሚሆነው፣ አንዱ ወገን መጻሕፍትና ኮምፒውተር ይልካል፤ ሌላው ወገን የምስጋና ደብዳቤና የልጆች ፎቶግራፍ ይመልሳል። ርዳታውን አንንቅም፤ ለሰጡንም ማመስገን ይገባል። ነገር ግን ልጆቻችን ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኙበት ብቸኛው ጽሑፍ የምስጋና ደብዳቤ ከሆነ፣ ከ1977ቱ ምስል ብዙ አልራቅንም ማለት ነው። በዚያኛው ወገን ያለው ልጅ የሰጪነትን ኩራት ይማራል፤ በዚህኛው ወገን ያለው የተቀባይነትን ዝምታ ይማራል። አንዳቸውም ሌላውን አላወቁም። ስለዚህ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች ርዳታውን ከልውውጡ እንዲለዩ እንመክራለን። ርዳታው በአዋቂዎች መካከል ይፈጸም፤ ልጆቹ ግን እንደ እኩዮች ይጠያየቁ። ዝናብ ሲዘገይ ገበሬ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ የገጠር ልጅ፣ ዳቦ ከምን እንደሚመጣ በመጽሐፍ ብቻ ለሚያውቀው የከተማ ልጅ መምህር ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ በተግባር እንዴት ይፈጸም? ኮምፒውተርም ሆነ የኤሌክትሪክ ኃይል የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ መሆናቸውን አልዘነጋንም። ቢሆንም ከላይ እንዳየነው ነገሩ በመሣሪያው ብዛት አይወሰንም። በየቁምስናው ሊሞከር የሚችል ጥቂት ነገር እንጠቁማለን።

በመጀመሪያ ከቅርብ መጀመር ይሻላል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንዲሉ፣ የጃፓንን ተማሪ ከመፈለግ በፊት በአጎራባች ወረዳ ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት መፈለግ ይቻላል። ለዚህ ደብዳቤ ይበቃል፤ አንድ የመምህር ስልክ ካለ ደግሞ የልጆቹ ድምፅ ተቀርጾ ሊላክ ይችላል። ቋንቋም እንደ ቀድሞው የማይታለፍ ግንብ አይደለም። የጉግል የትርጕም አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን፣ በ2022 ኦሮምኛንና ትግርኛን ጨምሯል። ትርጕሙ ስሕተት እንደሚኖርበት እናውቃለን፤ ነገር ግን «ይህን ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ምክንያት ከሆነ ስሕተቱም ያስተምራል።

ሁለተኛ፣ ፊልም ወይም ሥዕል በክፍል ውስጥ ሲታይ መምህሩ አስቀድሞ ልጆቹ ስለዚያ ሕዝብ የሚያስቡትን ያስጽፋቸው፤ ካዩ በኋላም ሦስት ነገር ይጠይቃቸው። ይህን ያነሣው ማን ነው? ያላሳየን ነገር ምን ሊሆን ይችላል? በዚህ ሥዕል ውስጥ ያለው ሰው አሁን አጠገባችን ቢቀመጥ ምን ብለን እንጠይቀዋለን? ይህ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ልምምድ ነው፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በስልክ የሚያየውንም ሁሉ በጥንቃቄ እንዲመለከት ያስለምደዋል።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችን ሌላውን ሲቀርጹ የሰውን ክብር እንዲጠብቁ ማስተማር ይገባል። የሽማግሌን ታሪክ ወይም የእናትን የቤት ሥራ ከመቅረጻቸው በፊት ፈቃድ ይጠይቁ፤ የሚናገረውን ሰው በስሙና በማዕረጉ ይጥሩ፤ የቀረጹትንም ለማንም ከመላካቸው በፊት ለባለቤቱ ያሳዩ፤ «ይህ ይቅር» ካለም ያስቀሩለት። ይህ እኛ በ1977 ዓ.ም. ያላገኘነው ክብር ነው፤ ለሌላው መስጠት የምንጀምረው ግን እኛ ልንሆን እንችላለን።

አራተኛ፣ በዋሽንግተን፣ በሮም ወይም በቤይሩት የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ለዚህ ሥራ መልካም ድልድይ ናቸው። በውጭ አገር ተወልዶ አማርኛ የሚያስቸግረው ልጅና በአገር ቤት ያለው ያጎቱ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚተዋወቁት በፎቶግራፍ ነው። አንዱ ሌላውን ባለጸጋ አድርጎ ያያል፤ ሌላውም አንዱን ችግረኛ አድርጎ ያያል። ሁለቱ ስለ ቀን ውሏቸው፣ ስለሚፈሩትና ስለሚናፍቁት በየወሩ አንድ ደብዳቤ ቢለዋወጡ፣ የሁለቱም ወላጆች ለመናገር የሚያፍሩትን ብዙ እውነት ይማማራሉ።

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ይህ ዕውቀት በምግባር ላይ ሊያመጣ የሚገባው ለውጥ ምንድን ነው? የሩቅ አገር ዋና ከተማን ስም መሸምደድ ወይም የባዕድ ምግብ ስም መዘርዘር ፈተና ለማለፍ ይጠቅም ይሆናል፤ የመረዳት ምልክት ግን አይደለም። እንደ እኛ እምነት ምልክቱ ሌላ ነው። በቡና መጠጫም ሆነ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በሌለበት አንድ ሕዝብ ሲታማ፣ «እነዚያ እኮ እንዲህ ናቸው» ተብሎ በጅምላ ሲፈረድበት፣ የተማረው ልጅ ዝም አይልም። «እኔ ከእነርሱ አንዱን አውቀዋለሁ፤ እንዲህ አይደለም» ይላል። ሐሜቱ በእርሱ ዘንድ ያልፍ ዘንድ አይፈቅድም፤ ምክንያቱም የሚታማው ሕዝብ ለእርሱ ስምና ድምፅ ያለው፣ ነገ «ስለ እኔ ምን አልክ?» ብሎ ሊጠይቀው የሚችል ሰው ሆኖለታል።

ዐይን አይቶ ሊያልፍ ይችላል። ያወቀ ሰው ግን ላወቀው ሰው ምስክርነት ዕዳ አለበት። ለመማሪያ ክፍሎቻችን አዲስ መሣሪያ በምንገዛበትም ሆነ ያለንን በምንጠቀምበት ጊዜ ሁሉ፣ ልጆቻችንን ለዚህ ምስክርነት የሚያበቃ ይሆን ዘንድ አጥብቀን እንድናስብበት አደራ እንላለን።